ከአፍንጫዬ የተገኘው

ዶክተሯ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት አፍንጫዬ ውስጥ ስትከተው ሳቅሁ። ስለኮረኮረኝ ነበር። ከኔ በፊት የነበሩት አስነጥሰዋል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንዲያውም እንባዋ ወርዷል፤ እኔ ግን ከት ብዬ ሳቅሁ። «አትንቀሳቀሽ፣ እወጋሻለሁ» አለችኝ ዶክተሯ፣ እሷም እየሳቀች። ያንን ሳቅ ባስታወስኩ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ ፊቴ ይግላል።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ነቀምቴ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል፣ በወላዶች ክፍል ውስጥ ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሆስፒታሏ ዛሬ የለችም፤ ስሟንም አልጠራም። በዚያ ክረምት ደህና ሆነው የተወለዱ ሕፃናት ሳምንት ሳይሞላቸው ብብታቸው ሥርና እምብርታቸው ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ነገር ያወጡ ጀመር። ቋጠሮው ይፈርጣል፣ ከዚያ ይመግላል። እንደ ልማዳችን ፔኒሲሊን ወጋናቸው። ፔኒሲሊን ከዚያ በፊት አሳፍሮን አያውቅም ነበር። አሁን ግን ብንወጋም፣ ብንደግምም ለውጥ የለም። ከጊምቢ በኩል መጥታ የወለደች አንዲት እናት ወንድ ልጇ ሞተባት። ጠዋት ጨርቁን የቀየርኩለት እኔ ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሰዎቿ መጥተው ወሰዱት።

ዶክተሯ ከባሕር ማዶ የመጣች ረጅም ሴት ነበረች። አማርኛ አሳምራ ትናገራለች፤ ኦሮምኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ለእናቶቹ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ልጁ በሞተ ማግስት ሁላችንንም ሰበሰበችንና በሽታው ከእናቶቹ ሳይሆን ከኛ ከአንዳችን ሊሆን እንደሚችል ነገረችን። ጀርሙ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል አለች። ስለዚህ የሁላችንም አፍንጫ ይመረመራል። መጀመሪያ የራሷን አፍንጫ ፊታችን በጥጥ ጠረገች። ፈረንጅ አፍንጫዋን ስትኮረኩር ማየት እንዴት ያስቃል! እኔ ስስቅ የነበረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የቀረውን ለመናገር የማን ልጅ እንደሆንኩ መናገር አለብኝ። አባቴ ዲጋ አጠገብ የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር፤ በኦሮምኛ ቱምቱ ይሉታል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠራል። አገሩ በሙሉ የሚያርሰው አባቴ በቀጠቀጠው ብረት ነው፤ አገሩ በሙሉ ግን ሕፃን ልጁን ከአባቴ ዓይን ይሸሽግ ነበር። ቡዳ ነው ይባላል። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ከዘሩ ይዞት ይወለዳል፣ ሳያውቀውም ቢሆን ይበላል ይሉ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ይኸው «ሳያውቀውም ቢሆን» የሚሉት ነገር ነው። እያወቅህ ነው ቢሉህ ትምላለህ። ሳታውቅ ነው ካሉህ በምን ትምላለህ?

አባቴ ራሱ አንድም ቀን አምኖት አያውቅም። «ሰው የምበላ ብሆን እንዲህ እከሳ ነበር?» እያለ ይቀልድበታል። ገበያ ላይ ሴቶቹ ማጭዱን ወስደው ሕፃናቸውን ወደ ጀርባቸው ሲያዞሩ እያየ «ግድ የለም፣ ዛሬ ቁርስ በልቻለሁ» ይላቸው ነበር። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዳንዷ በሩጫ ትሄዳለች። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መሬት መሬቱን አያለሁ፤ እሱ የሚስቅበት ነገር እኔን አያስቀኝም ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ነቀምቴ ስገባ፣ ትልቅ ከተማ ነው፣ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር። በመጀመሪያው የገበያ ቀን የማን ልጅ እንደሆንኩ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ነጭ ልብሴን ለብሼ ወደ ወላዶቹ ክፍል ስገባ ነጠላው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ የሕፃናቱ ፊት ይሸፈናል። ልጅ ማጠብ የኔ ሥራ ሆኖ ሳለ «እህቴ ታጥበዋለች» ይሉኛል። አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ። ቀን ቀን ችዬው እውላለሁ፤ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ስገባ ነበር የሚያቃጥለኝ። ግን ሥራዬን አልተውኩም። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ውሃ አሞቃለሁ፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት ወተት በጠብታ አጠጣለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት የአስተማሪ ሚስት፣ ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ፣ ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ዞር ዞር ብላ አየችና «እስቲ ያዢልኝ» ብላ ልጇን በገዛ እጇ ሰጠችኝ። ብዙ ቆየች። እኔም በልቤ ቆዪ እያልኳት ነበር።

ከዚያ ወዲያ የኔ ነገር እየተረሳ ሄደ። ሌሎቹም እሷን አይተው ይሰጡኝ ጀመር። ኋላማ አልቅሶ አልቆም ያለ ሕፃን ሁሉ ለኔ ነበር የሚሰጠው። «ለሷ ስጧት፣ እጇ ለስላሳ ነው» ይባል ነበር። በሕይወቴ ካገኘሁት ሁሉ የምሳሳለት ይህ ነበር። ደመወዜን ቢነሱኝ ይሻለኝ ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው እንዲሰጡኝ ብቻ እፈልግ ነበር።

ስለ ፔኒሲሊኑም ልናገር። ያን ጊዜ ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ እንኳ ብልቃጥና መርፌ ይዞ ለራስ ምታቱም ለወገብ ቁርጥማቱም ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው አይጠፋም ነበር። እኛ በሱ እንስቃለን እንጂ ብዙም አንሻልም። ጠዋት ዱቄቱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እንበጠብጥና በመርፌ እንሞላዋለን፤ ከዚያ መርፌውን ወደ ላይ አቁመን ውስጡ የቀረውን አየር እናስወጣለን። አንዲት ጠብታ ብቅ ካለች ይበቃል። እኛ ረዳት ነርሶቹ ግን ወደ ጣሪያው እናስፈነጥረው ነበር። ከፍ ያደረገችው ጎበዝ ናት። ማንም አላስተማረንም፤ እርስ በርስ እየተያየን ያመጣነው ነው። ከሁላችንም ከፍ የማደርገው እኔ ነበርኩ። የቀጥቃጩ ልጅ መድኃኒት በእጇ ሲታዘዝላት ወላዶቹ እንዲያዩልኝ ነው መሰለኝ። የተረጨው መልሶ እንደ ካፊያ ፊታችን ላይ ይወርዳል፤ ከንፈራችንን ስንልስ መረር ይለናል። እንስቅ ነበር።

የምርመራው ክፍል ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። በላምባ የሚሞቅ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ክዳን ያላቸው የመስተዋት ሳህኖች ይደረደራሉ። ሳህኖቹ ላይ የበግ ደም የተቀላቀለበት፣ እንደ እርጎ የረጋ ነገር አለ። ዶክተሯ አፍንጫችንን የጠረገችበትን ጥጥ እሱ ላይ ትለቀልቀዋለች፤ መሐሉ ላይ ፔኒሲሊን የነካ ትንሽ ክብ ወረቀት ታስቀምጥና ሳጥኑ ውስጥ ታሳድረዋለች። ጀርሙ ሌሊቱን ይበቅላል። ፔኒሲሊን የሚገድለው ዓይነት ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ባዶ ቀለበት ይቀራል። የማይገድለው ከሆነ እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ በቅሎ ይገኛል።

ብቻዬን ጠራችኝና ሁለት ሳህን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠች። አንደኛው ከአንድ የታመመ ሕፃን መግል የተወሰደ ነው። በወረቀቱ ዙሪያ ቀለበት የለም፤ ወርቃማ ነጠብጣቦች ወረቀቱን ከበው፣ ጠርዙ ላይ ሳይቀር ወጥተውበታል። ሁለተኛውም ልክ እንደዚያው ነው።

«ይሄኛው የማን ነው?» አልኳት። ማወቁን አውቄው ነበር፤ አለዚያ ለምን ብቻዬን ትጠራኛለች?

«ያንቺ» አለች። «አትደንግጪ። አልታመምሽም። አፍንጫሽ ውስጥ ይኖራል እንጂ አንቺን አይጎዳሽም። አፍንጫሽን በእጅሽ ስትነኪ፣ ስትተነፍሺ፣ ልጆቹን ስታቅፊ ግን ወደ እነሱ ይሄዳል። ጥፋት የለብሽም። ሳታውቂው ነው።»

ሳታውቂው ነው አለችኝ። የዲጋ ገበያ ሴቶች ቃል ከዚያች የተማረች ሴት አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ከዘሬ ነው?» አልኳት። «ከአባቴ የወረስኩት ነው?»

ለምን እንደጠየቅኋት አልገባትም። ነገሩን ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ዘር የሚቆጠረው እዚያ ሳህን ላይ ነው አለችኝ፤ እኔና አባቴ የለንበትም። ከብዙ ጀርም መካከል አንዱ ፔኒሲሊንን የሚሰባብርበት ነገር በተፈጥሮው አለው። ያንን ለልጆቹ ያወርሳል። ፔኒሲሊን በየቀኑ በሚረጭበት ቤት ሌሎቹ ያልቃሉ፤ እሱና ልጆቹ ይተርፋሉ፤ ቦታው ሁሉ የነሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ሆኖ ይወራ የነበረ ሌላም ነገረችኝ፦ አንዳንዱ ጀርም ያንን መሣሪያ ልጁ ላልሆነ ለጎረቤቱም ያቀብላል። እኛ ቤት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ከግቢ አይወጣም፤ ጀርም ግን ለጎረቤቱ ሙያ ያስተምራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በዚያ ሰዓት መምጣቱ ይገርመኛል።

ቀጥላ መርፌ ወደ ላይ የምረጨውን ነገር አነሳች። አይታኝ ኖሯል። በየቀኑ ፊቴ ላይ የወረደው ካፊያ አፍንጫዬ ውስጥ የነበረውን ደካማ ጀርም ሁሉ ጠርጎ ለዚህኛው ቤቱን ባዶ አደረገለት አለችኝ። «ከቤትሽ ያመጣሽው አይደለም። ከኛ ከሆስፒታሉ ያገኘሽው ነው።» ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የታየኝ እጄን ከፍ አድርጌ ስረጭ፣ ወላዶቹን እዩኝ እያልኩ ስኩራራ ነው።

«የሞተው ልጅስ?»

«ከማን እንደያዘው ማወቅ አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ ብዙ እጅ አለ» አለችኝ። ይህን ከማለቷ በፊት ግን ዝም ብላ ነበር። እኔ ያመንኩት ዝምታዋን ነው።

ወዲያው ለእናቶቹ እንንገራቸው አለች። አንሶላው ሁሉ ሊቀቀል፣ ክፍሉ ሊታጠብ ነው፤ ለምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም አለችኝ። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው በኦሮምኛ አስተረጉማለሁ። እንዲህ ብላ ስትፈርድብኝ ምን እየፈረደችብኝ እንደሆነ አታውቅም ነበር። በሷ አገር ቀጥቃጭ ቀጥቃጭ ብቻ ነው።

ክፍሉ መሐል ቆምን። በሽታው ከአንድ ሠራተኛ አፍንጫ የመጣ ሊሆን ይችላል አለች፤ አስተረጎምኩ። ሠራተኛዋ ራሷ አልታመመችም አለች፤ አስተረጎምኩ። ልጆቹን ስታቅፍ ነው የሚሄደው አለች። ይህንንም አስተረጎምኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ምራቷን የምታስታምም አንዲት አሮጊት ከአልጋው ጥግ ሆና «ኤኙ?» አለች። ማን ናት ማለቷ ነው። ሌሎቹም «ኤኙ? ኤኙ?» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው በሩ ላይ ባልዲ ይዛ ወደ ቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ሄደ፤ ያች አፍንጫዋ ሲጠረግ እንባዋ የወረደው። ሴትዮዋ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠችና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አነ» አልኩ። እኔ ነኝ።

ጩኸት ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰድበውኝ ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮጡ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልጮኸም። አሮጊቷ በሐዘኔታ አየችኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛማ እናውቅ ነበር እኮ» አለችኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሳታውቂው ነው። ፈረንጆቹ ዘግይተው ደረሱበት እንጂ የኛ ሰው ድሮም ይናገር ነበር።» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ እንዲያውም አይዞሽ አለችኝ።

«ምን አለች?» ስትል ዶክተሯ ጠየቀችኝ።

«ገባን አለች» አልኳት።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ቡዳ አይደለም፣ ጀርም ነው አልኳቸው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ በትንፋሽ ይሄዳል፣ በእጅ ይሄዳል፣ የያዘው ሰው አያውቀውም፣ መድኃኒት አይመልሰውም። ባስረዳሁ ቁጥር እነሱ ከሚሉት ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። አሮጊቷ «አዎ፣ እሱ ነው» እያለች ታግዘኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ልብስ እጥበት ተዛወርኩ። ሥራዬ አንሶላና የሕፃናት ጨርቅ በበርሜል መቀቀል ሆነ። ለአፍንጫዬ የሚሆነው ቅባት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ዶክተሯ ለቁስል የምንቀባውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት በጥጥ እያስነካች ውስጡን ትቀባኝ ነበር። መድኃኒቱ ወደ ላይኛው ከንፈሬ ይወርዳል፤ ቢያሹት አይለቅም። እንዲህ ሆኜ በከተማው አለፍኩ። ያች የአስተማሪ ሚስት መንገድ ላይ አገኘችኝ። አፍንጫዬን አየች፤ ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና «እንደምን ዋልሽ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። አልፋኝ እስክትሄድ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

በቅዳሜው አባቴ መጣ። ወሬው ዲጋ ደርሶ ነበር። ብረት የሚሸጥበትን ቦታ ትቶ፣ ታጥቦ፣ ደህናውን ቡሉኮውን ለብሶ ነው የመጣው። እሳት ጎርሶ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ወይም ደግሞ ይቀልዳል፣ ወይን ጠጅ አፍንጫዬን አይቶ የሚለው አያጣም ብዬ ነበር። የበርሜሉ እሳት አጠገብ ቁጭ አለና «እውነት ነው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ሳህኑን፣ ወረቀቱን፣ ቀለበቱን። ጨርሼ ስበቃ «በመስተዋቱ ታይቷል?» አለኝ።

«ታይቷል፣ አባ።»

እሳቱን ብዙ ጊዜ አየው። እሳት የማየት ሙያው ነው፤ ያን ቀን ግን የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። «እንግዲያው ሰዎቹ እውነታቸውን ኖሯል» አለኝ። «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ስስቅባቸው ኖርኩ። ከኔ ነው የወጣብሽ፣ ኢንተላ ኮ። ይቅር በይኝ።»

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፍረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። አገር ተባብሮ ያላሳመነውን ሰው እኔ አሳመንኩት። ከሆስፒታል የወጣ ቃል አይዋሽም፣ በመስተዋት የታየ ነገር እርግጥ ነው እያልኩ በየእረፍቴ ስሰብክለት የኖርኩት እኔ ነኝ። አላስጨረስኩትም። እጁን ይዤ አስነሳሁትና በሆስፒታሉ ግቢ እየጎተትኩ ዶክተሯ ፊት አቆምኩት። «የሱንም አፍንጫ መርምሪልኝ» አልኳት። ልመና ይሁን ትእዛዝ እኔም አላውቅም። ዶክተሯ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና ጥጧን አነሳች። አባቴ ሲያስነጥስ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ዘመድ ቤት አደረ። በማግስቱ ሁለቱን ሳህኖች፣ የሱንና የኔን፣ ጎን ለጎን አደረገችልን። በሱም አፍንጫ ውስጥ ያው ጀርም ነበረ፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል አለች። ነገር ግን በሱ ሳህን ላይ፣ በወረቀቱ ዙሪያ፣ ሰፊ ባዶ ቀለበት ነበር። «የአባትሽ የድሮው ዓይነት ነው፤ ፔኒሲሊን ሲነካው ይሞታል» አለች። «ያንቺ የሆስፒታል ነው። ከሱ የመጣ ቢሆን ኖሮ የሱን ይመስል ነበር።» እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አስተርጉሜ አላውቅም። ቃል በቃል፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየደጋገምኩ ነገርኩት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሳህን አየ፣ ሌላውን አየ። ብረት ሲመርጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ላይ የማውቀው ሳቅ ተመለሰ።

«የኔው መድኃኒት ይሰማል፣ ያንቺ አይሰማም ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲህ በስንት ዓመቴ ተፈረደልኝ!» አለና የዶክተሯን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅ አላት።

ዲጋ ተመልሶ ለገበያው በሙሉ አወራ። ሆስፒታል በመስተዋት አይቶኛል፣ የቱምቱ አፍንጫ እንደማንም አፍንጫ ነው፣ የማይሰማው ያለው እዚያው መርፌ የሚረጩት ዘንድ ነው አለ። ያመነው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙው ስቆ አለፈው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር ሲሉኝ ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል። እፍረቴ ለጥቂት ጊዜ ለቀቅ ያደረገኝ ያን ሰሞን ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ የወንድሜ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ቅባቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስቀባው ሰንብቻለሁ፤ የወይን ጠጁም ቀለም ለቋል። ዶክተሯ ግን ደግማ ስትመረምረኝ ሳህኑ ያው እንደ በፊቱ ነበር፤ ቀለበት የለም። ታገሺ፣ አንዳንዱ ቶሎ አይለቅም አለችኝ። ይህን ሰምቼ ነው ዲጋ የሄድኩት። ከሩቅ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ነበር። ሁሉም የቀጥቃጭ ዘር ነው። እኛ ቤት ሕፃን ከማንም አይሸሸግም፤ የምንፈራራበት ነገር የለንም። የተወለደው ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ማታ እናቱ ጋ ይመለሳል። ልጅቷ ስትዞር አየኋት። ከአንዲቷ አክስት ወደ ሌላዋ፣ ከሷ ወደ ወንድሜ ሚስት እናት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የወንድሜ ሚስት ከተኛችበት ሆና «ለአዳዳዋ ስጧት እንጂ፣ አክስቷ መጥታ!» አለች። ሴትዮዋ ሕፃኗን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። ገና አልነጻሁም፣ አትስጡኝ ማለት ነበረብኝ። ወደ ልብስ እጥበት ከተዛወርኩ ወዲህ ሕፃን አላቀፍኩም ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ ሳይፈራኝ ልጁን የሚሰጠኝ ቤት ያ ብቻ ነበር። አፌ ሳይከፈት እጆቼ ተዘረጉ።

አባቴ መሐል ገባ። ሲነሳ አላየሁትም። ሕፃኗን ከሴትዮዋ ተቀበላትና ደረቱ ላይ አስጠጋት። ትላልቅ እጆቹ ታጥበው ነበር፤ ልጅ ሳይነካ በሳሙና እንዲታጠብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺው አሁንም አይሰማም አይደል?»

«አይሰማም፣ አባ» አልኩት።

ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ከኔ ይልቅ እሱ ያፈረ ይመስል ነበር። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ራቀና ከሩቅ እንዳያት የሕፃኗን ፊት ወደ እኔ አዞረልኝ። ትክክል ነበር። ዶክተሯ ብትኖር ታመሰግነው ነበር። የተዘረጉት እጆቼ እንደተዘረጉ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ወዴት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።